መርዶ ለታችኛው አልጋ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቦሌ ነው። ሻንጣዬን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌያለሁ። መንገድ ስለተዘጋ እናቴ ከወልድያ መጥታ ልትሸኘኝ አልቻለችም፤ በስልክ ነበር የመረቀችኝ። "በሰላም ግቢ ልጄ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ከሰው ተስማሚ" ብላ ገና ስትጀምር መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ደንበኛውን ማግኘት እንደማልችል የምትናገረዋ ሴት ናት ያነሳችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከናቴ ይልቅ የዚያችን ሴትዮ ድምፅ ነው በብዛት የሰማሁት።

አውሮፕላኑ ውስጥ በዙሪያዬ የተቀመጡት ልጆች ሁሉ ለቤት ሥራ የሚመለሱ ነበሩ። ያላ፣ ኸላስ፣ ፍሉስ እያሉ ይሳሳቃሉ፤ እኔ የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዤ አንዱም አይገባኝም። ስንደርስ ፓስፖርት የሚያየው ልጅ "ዚያራ ወላ ሹግል?" አለኝ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ "ለጉብኝት ነው ወይስ ለሥራ ነው የሚልሽ" ብላ አሾከሾከችልኝ።

"ለጉብኝት" አልኩ በእንግሊዝኛ።

"ምን ልትጎበኚ?"

ይህን ጥያቄ አልተዘጋጀሁበትም። "ሕንፃ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ማኅተሙን መታ። "ሕንፃስ ሞልቶናል" አለ።

እውነቱን ነው። ሻርጃ፣ አል ናህዳ የሚባለው ሰፈር ከሕንፃ ሌላ ምንም የለውም። መንገዱን ስትሻገሩ ዱባይ ነው፤ ግን ያንን መንገድ በመኪና ለመሻገር ጠዋት ጠዋት አንድ ሙሉ ዳዊት ይደገማል። የነሐሴውን ሙቀት እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። የሚፈላ ድስት ከፍታችሁ ፊታችሁን እንፋሎቱ ላይ ያዙት፤ ከዚያ ድስቱን ተሸክማችሁ ሥራ ፍለጋ ውጡ፤ እንደዚያ ነው። ወልድያ ሙቀት አለ ብዬ ማማረሬ እዚህ ቆሜ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አልጋ ያከራዩኝ እትዬ አስካለ የሚባሉ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። አፓርታማውን በስማቸው ተከራይተው አልጋ አልጋውን ለእኛ ያከራያሉ፤ ቢድ ስፔስ ይሉታል እዚህ።

"ስምሽ ማነው?" አሉኝ።

"እመቤት።"

"እዚህ ቤት እመቤቷ እኔ ነኝ። አንቺ የላይኛው አልጋ ነሽ። ሁለት ነገር ቤቴ አይገባም፤ ወንድና ፖለቲካ። ወንዱን እንኳ ካልሰማሁ አላየሁም እላለሁ። ፖለቲካውን ግን በር ላይ ከጫማሽ ጋር አውልቀሽ ትገቢያለሽ።"

"በረሮ አለ እንዴ?" ብዬ በፍርሃት ጠየቅኳቸው፤ አንዱ በግድግዳው ሲሄድ አይቼ።

"እሱ ከኔ በፊት የገባ ነዋሪ ነው። እሱን ተይው።"

ማታ የታችኛው አልጋ ባለቤት መጣች። ለተብርሃን ትባላለች፤ ለተ ይሏታል። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ትበልጣለች፤ ዱባይ፣ ሚርዲፍ የሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች።

"ከየት ነሽ?" አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች።

"ከወልድያ። አንቺስ?"

"ከአዲግራት።"

"እሺ" አልኩ።

"እሺ" አለች እሷም፤ መጋረጃዋንም ዘጋች።

በነዚያ ሁለት "እሺዎች" ብዙ ወራት ኖርን። ምን እንደተሰማኝ ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ግን ልጻፈው። በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን የመጡት ታጣቂዎች ከተማችንን ሲይዙ እኛ ቤት ውስጥ ነበርን። አጎቴን ሱቁ በር ላይ ገደሉት። ለተ በስልኳ የምታወራው ቋንቋ ያኔ በደጃችን ሲነገር የነበረው ቋንቋ ነው፤ መጋረጃው ስር ስትጀምረው እኔ ሳላስብ ሰውነቴ ይኮማተራል። የእሷ ከተማ የደረሰባትንስ? በዜና ነበር የሰማሁት፤ ግማሹን አላመንኩም፣ ግማሹን ሳላስበው አለፍኩት።

እኔ ኩሽና ስገባ ምድጃውን አጥፍታ ትወጣለች። ሁለታችንም ረቡዕና አርብ እንጾማለን፤ በአንድ ብረት ድስት በየተራ ሽሮ እንሠራለን። እሁድ እሷ ወደራሷ ሰዎች ጉባኤ፣ እኔ ወደኔው፤ ጸሎታችን እንኳ በአንድ ታክሲ አይሳፈርም ነበር። ከሕንፃችን ስር ያለው ሕንዳዊ ባለሱቅ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። አንድ ቀን "እህትሽ ረስታው ሄደች" ብሎ የለተን ሽንኩርት በእጄ አስያዘኝ። እህቴ አይደለችም ለማለት እንኳ ዓይን አፋርነቴ አልፈቀደልኝም። ሽንኩርቱን ኩሽና አስቀምጬላት ሸሸሁ።

ሥራ ፍለጋው ሌላ ታሪክ ነው። ዱባይ በሜትሮ ወዲያና ወዲህ ስመላለስ አንዲት የኤጀንሲ ሴት ወረቀቴን አይታ "የእናንተ አገር ሰዎች ከልጆች ጋር ጎበዞች ናቸው" አለችኝ። "እኔ እኮ አካውንታንት ነኝ" ብላት "ታዲያ ልጆቹን ትቆጥሪያቸዋለሽ" አለች። በመጨረሻ ሻርጃ ውስጥ ወደ አገር ቤት ዕቃ የሚልክ የካርጎ ቢሮ ቀጠረኝ። ቪዛዬም ተስተካከለ። ለናቴ ይህን ልነግራት ብደውል ያቺ ሴትዮ አነሳችው። በእኛም በኩል እንደገና ጦርነት ስለተነሳ ስልኩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከካርቶኖቹ መሀል ሆኜ ስልኬ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። እናቴ መሰለችኝና ቶሎ አነሳሁት።

"ከለተ ጋር የምትኖሪው ልጅ ነሽ?" አለች አንዲት ሴት። "አብረኸት እባላለሁ፤ ታላቋ ነኝ፤ ከአዲግራት ነው።" አንድ ጊዜ የለተ ስልክ ተሰብሮ በእኔ ደውላ ነበር፤ ቁጥሬን ከዚያ ነው ያገኘችው። "ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻሽን ነሽ" ከተባለ በኋላ የሚመጣውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

"ሃፍቶም አርፏል" አለችኝ። "ታናሽ ወንድማችን። ከሞተ ቆይቷል፤ አብሮት የነበረ ልጅ መጥቶ የነገረን ግን ትናንት ነው። ለተ ሱዳን ተሻግሮ ያለ ነው የሚመስላት። እናታችን ታማ ስለነበር በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ነገ ድንኳን እንተክላለን፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ ፎቶውን ቲክቶክ ላይ መልቀቃቸው አይቀርም። ከስልኳ ቀድማችሁ ንገሩልኝ።"

"እኔ እኮ…" አልኩ። "እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ።"

"ታዲያ ወልድያ መርዶ አይነገርም?"

ጎረቤት ከተማ አጅማን ውስጥ ከዓሣ ገበያው ጀርባ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ አደይ ፅጌ የሚባሉ የአገራቸው ሴት እንዳሉ፣ ለተ እንደ እናት እንደምታያቸው ነገረችኝ። ስልካቸውን አታውቅም። "ሰው ሰብስቢላት። ብቻዋን እንዳትሰማ" ብላ ዘጋች።

መርዶ በአንድ ሰው አፍ ለአንድ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ ወገን ተሰብስቦ ነው። እኔ ግን ለለተ ወገን ነኝ? የምትጠላኝ ልጅ ደስ ብሏት ልትነግረኝ መጣች ብትልስ? ስልኩ አልደረሰኝም ልበል ብዬም አሰብኩ። ከዚያ ለተ ሚርዲፍ ውስጥ ጋሪ እየገፋች ስልኳን ስትከፍት ታየኝና አለቃዬን አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ።

አጅማን ሰው ጠይቄ ቤቱን ሳገኘው በሩን የከፈተችልኝ ሳምራዊት የምትባል ወጣት ናት።

"አደይ ፅጌን ፈልጌ ነበር።"

"ሽሮ ነው በርበሬ?"

"መርዶ ነው" አልኩ። ሌላ አማርኛ ጠፋብኝ።

አደይ ፅጌ ወለሉ ላይ ተቀምጠው በርበሬ እየመዘኑ ነበር። እጃቸው ቆመ። ሳይጠይቁኝ በፊት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ የወልድያ ልጅ መሆኔንም ጭምር።

"ዘንድሮ መርዷችንን ከወልድያ ነው የምናስመጣው?" አለች ሳምራዊት።

"ሳምራዊት" አሉ አደይ ፅጌ።

"ምን አጠፋሁ? ያኔ የአገራችን ስልክ ሲዘጋ አንዱ የማላውቀው ሰው ደውሎ እናትሽ ሞታለች ሲለኝ ሁለት ቀን ተንከባልዬ አልቅሻለሁ፤ ውሸት ነበር። ሊስቅብኝ ነው። አሁንስ በምን አውቃለሁ?"

በስልኬ ለአብረኸት ደወልኩና ለአደይ ፅጌ ሰጠኋቸው። የሚባባሉት ባይገባኝም የሚነገራቸውን ከፊታቸው አየሁት። ሲጨርሱ የሻሻቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው አለቀሱ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ሳምራዊት ቆማ ቀረች።

"ስልካችን ሲዘጋ እልል ብላችኋል" አለችኝ በመጨረሻ፤ አሁን ድምጿ ዝቅ ብሏል።

አላልንም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን መርዶ ይዤ ገብቼ መዋሸት ከበደኝ። "ያለ አለ" አልኩ። "ከሰፈራችን እልል ያለ ሰው አለ። እናቴ በሯን ዘጋች። በኋላ የእናንተ ልጆች ሲገቡ አጎቴን ገደሉት። እኔም ከዚያ ወዲህ ከዚያ ወገን የመጣውን ሁሉ ረግሜያለሁ።"

"እኔ ደግሞ የእናንተ አገር ሲዘጋ 'ቅመሷት' ብያለሁ። እዚህችው ተቀምጬ።"

"እናቴ እዚያ ናት። ከጠፋችብኝ ቆየች።"

ሳምራዊት ዓይኗን ወደ በርበሬው አወረደች። "እሷን ማለቴ አልነበረም" አለች።

"እኔም ሃፍቶምን ማለቴ አልነበረም።"

ውሃ ሰጠችኝ። ከጠጣሁ በኋላ አደይ ፅጌ ነገ ማለዳ ሦስት ሴቶች ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ። "የምትነግሪያት ግን አንቺ ነሽ" አሉ።

"አደይ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ዩኒቨርሲቲ ፕሬዘንቴሽን በመጣ ቁጥር ሆዴን ያመኝ ነበር።"

"ይሄ ያልሽው ነገር አይደለም። ሁለት ቃል ነው። መልእክቱ በአንቺ መጥቷል። እኔ ብነግራትና አንቺ አውቀሽ እንዳደርሽ በኋላ ብትሰማ እንዴት አብራችሁ ትኖራላችሁ? ማታ ማታ ከላይዋ የምትተኚው አንቺ ነሽ፤ እኔ አጅማን ነኝ።"

የቀረው እስከ ነገ ስልኳን መከልከል ነበር። ሚርዲፍ ማዳሟ በሥራ ሰዓት ስልክ አታስነካትም፤ ለተም ኢንተርኔት የምታገኘው ከቤታችን ዋይፋይ ብቻ ነው። እትዬ አስካለን ኩሽና ጥግ ወስጄ ነገርኳቸው።

"ዋይፋዩን ያጥፉልኝ። እስከ ነገ ብቻ።"

እትዬ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገብተው ገመዱን ነቀሉት። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ በእሮሮ ተሞላ፤ አንዷ ከእጮኛዋ፣ አንዷ ከድራማዋ ተለያይታለች። "የኩባንያው ሙሽኪላ ነው" አሉ እትዬ አስካለ። "እኔ ሽቦ ውስጥ ልግባ? ኸላስ፣ እርስ በርሳችሁ አውሩ።"

ለተ የገባችው የፀሐይ መግቢያው ሰላት፣ መግሪብ፣ ገና እንደተሰገደ ነው። ስልኳን ወደ ጣሪያው አነሳች፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ አልጋዋ ላይ ወረወረችው።

"እዚህም ደረሰብን" አለች።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"አንቺም ልትደውዪ ነበር ኣ?" አለችኝ። "ጠዋት አዛን ሲል ትደውያለሽ። ስትገላበጪ ብረቱ ይነግረኛል። አነሱ እናትሽ?"

"አላነሳችም።"

"ስልክ ተዘጋ ማለት ሰው ሞተ ማለት አይደለም። እኔ እናቴን ዓመት ሙሉ ሞታለች ብዬ አልቅሼ ጨረስኩ። ኔቱ ሲለቀቅ በቪዲዮ አየችኝና ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ምነው ከሳሽ?'"

ሳቀች። እኔ መሰላሉን ወርጄ ከአልጋዋ ጫፍ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዋይፋዩ ቢሠራ ኖሮ ያን ጥያቄ መቼም አልጠይቃትም ነበር።

"ኩሽና ስገባ ለምንድነው ጥለሽ የምትወጪው?"

"እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ እኔን ስታዪ ግድግዳ የምትይዢው። ፈራችኝ፣ ልልቀቅላት ብዬ ነዋ። ሽሮዬ ስንቴ ጥሬውን ቀረ በአንቺ።"

"የጠላሽኝ መስሎኝ።"

"መጀመሪያ ጠልቼሽ ነበር" አለች። "ወልድያ ስትዪኝ ወታደር ሆነው አዲግራት የገቡ ወንድሞችሽ ትዝ አሉኝ። ወንድም ይኑርሽ አይኑርሽ ሳላውቅ።"

"የለኝም። አጎት ነበረኝ።" ስለ አጎቴ ነገርኳት፤ በዚህ አገር ለማንም ያልነገርኩትን። ሱቁን ዘግቶ እንዲገባ እናቴ ስትለምነው "እኔ ስኳር ነው የምሸጠው፤ ማን ምን ይለኛል" ማለቱን ነገርኳት። ለተ አላቋረጠችኝም። እነሱ አይደሉም፣ አላደረጉትም አላለችም። ይህን ስጠብቅ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳይጠየቅ ቀረ።

ከዚያ "ሃፍቶም ወልድያ ነበር" አለች።

የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

"ወንድሜ ነው። ከመጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ በሰው ስልክ አግኝቶኝ፣ ወልድያ ነበርን አለኝ። ምን እንዳደረገ አልነገረኝም። ምን አደረግክ ብዬም አልጠየቅኩትም፤ በስልክ የሚጠየቅ አይደለም። ከሱዳን ሲመለስ ቁጭ አድርጌ ነው የምጠይቀው። ልጅ ሆኖ አይዋሸኝም ነበር፤ ጆሮው ትቀላ ነበር።" ፊቴን አየችው። "አንቺም ሲመጣ ጠይቂው። አልከለክልሽም።"

"እሺ" አልኳት። ያቺን ቃል እንዴት እንዳወጣኋት አላውቅም። በዚያች ምሽት የአጎቴን ገዳይ ይሁን ምንም የማላውቀውን ሰው፣ ምነው በሕይወት ኖሮ በጠየቅኩት ብዬ ተመኘሁ። ለሷ ይሁን ለራሴ መለየት አልቻልኩም። ለተ ከሕፃናቱ ቤት ያመጣችውን ብስኩት ለሁለት ገምሳ ሰጠችኝ፤ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ፤ ዋጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ አዛን ሲል ነቃሁ፤ ለናቴ ግን አልደወልኩም። ፊቴን ታጥቤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሕንፃው ደጅ ላይ ታክሲ ቆሟል፤ አደይ ፅጌ፣ ሳምራዊትና ሌሎች ሁለት ሴቶች ነጭ ለብሰው ወረዱ። ሊፍቱ ውስጥ ሳምራዊት ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው፣ ሌሎቹን ልጆች ቀስቅሰው ይጠብቁን ነበር።

ለተ ነጠላዋን ለብሳ ለጸሎት ቆማለች። ዞር አለች። መጀመሪያ አደይ ፅጌን፣ ቀጥሎ ሴቶቹን፣ በመጨረሻ ከፊት የቆምኩትን እኔን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

"ውይ፣ እናትሽ" አለች።

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄድኩ።

"ውይ እመቤትዬ፣ ማታ እኮ ስለሳቸው ስናወራ… ሰው የላትም ብላችሁ ነው የመጣችሁላት፣ አደይ?" ለመልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈች፤ ጥለቱን ለሐዘን ዘቅዝቃ ትከሻዬ ላይ አደረገችልኝ፤ ራሴን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። "አይዞሽ እህቴ። አልቅሺ። እኔ አለሁልሽ፤ ብቻሽን አይደለሽም" አለችኝ በጆሮዬ። ከኋላዬ የአደይ ፅጌ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማኛል።

ከእቅፏ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ነጠላዋን ከትከሻዬ አነሳሁት፤ እንደተዘቀዘቀ፣ ሳልገለብጠው እሷን አለበስኳት። እጆቼን ትከሻዋ ላይ እንዳደረግኩ "ሃፍቶም ነው፣ ለተ" አልኳት።